ኩዎት ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ይህ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉ የትርጉም ቢሮዎች፣ ጽሕፈት ቤቶችና የዜና ክፍሎች ውስጥ የሰው ቃል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለሚያመላልሱ ነው። ኩዎት (quote) የሰውን ቃል መጥቀስ የሚል የእንግሊዝኛ ግሥ ነው። የፊደል ግድፈትና የስም አጻጻፍ ማጣራቱ እንደተሠራ ቆጥረን እናልፈዋለን።

ምልክት፦ «መንገዱ መዘጋቱን ጠቀሰ» ለማለት እንግሊዝኛው «ሂ ኩዎትድ ዛት ዘ ሮድ ኢዝ ክሎዝድ» ይላል።

መንስኤ፦ «ጠቀሰ» ብዙ ይሸከማል። ስም ማንሳትም፣ ምንጭ መጥራትም፣ ቃል በቃል መድገምም መጥቀስ ነው (በዓይን መጥቀሱን ሳንቆጥር)። ኩዎት ግን ጠባብ ነው፤ ሌላ ሰው የተናገረውን ወይም የጻፈውን ቃል እንዳለ መድገም ብቻ። ስለዚህ ቃሉን ራሱን፣ የቃሉን ባለቤት ወይም ቃሉ የተወሰደበትን ጽሑፍ ያስከትላል እንጂ «ዛት» ብሎ የሚቀጥል ሐሳብ አያስከትልም።

መፍትሄ፦ የወሰዳችሁት ሐሳቡን ብቻ ከሆነ «ሰይድ ዛት» በሉ። ጉዳዩን አንስታችሁ ካለፋችሁ «ሜንሽንድ» ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1731 ለማስረጃ መጥራት «ሳይት» ይባላል፤ ቁጥሩ ሥር ያለውን ቃል እንዳለ መገልበጥ ግን ኩዎት ነው። ከጽሑፍ ስትወስዱ «ኩዎት ፍሮም» በሉ።

ምልክት፦ ትእምርተ ጥቅስ (« ») ውስጥ ያለው ቃል ተናጋሪው በአፉ ሊለው የማይችል ነው።

ዋናው በሽታ ይህ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ተደምረው የዚህን ያህል ወረቀት አያስመልሱም። በየቀኑ የሚመጣው እንዲህ ያለ ነው፦

ሥራ አስኪያጁ «ሥራውን በሰኔ እንደሚያጠናቅቁ» ተናግረዋል።

ምርመራው ቀላል ነው። በምልክቱ ውስጥ ያለውን ብቻ ለብቻው ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የትኛውም ሥራ አስኪያጅ ብድግ ብሎ «ሥራውን በሰኔ እንደሚያጠናቅቁ» ብሎ አይቀመጥም። ሁለት ማስረጃ አለ። አንደኛው «እንደ» ነው፤ ይህ የዘጋቢው ማያያዣ እንጂ የተናጋሪው ቃል አይደለም። ሁለተኛው የአክብሮት ግሡ ነው። ሰው ለራሱ አንቱ አይልም፤ በጥቅሱ ውስጥ ተናጋሪው ራሱን «እርሳቸው» ካደረገ ምልክቱ ያለ ቦታው ገብቷል። ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ስንፍና ነው። ጸሐፊው የተባለውን በማስታወሻው በአጭሩ ይዟል፣ ዓረፍተ ነገሩን በራሱ አፍ ሠርቷል፣ ከዚያ ክብደት እንዲኖረው ብሎ ምልክት ደርቦበታል። ትእምርተ ጥቅስ ማስጌጫ አይደለም። «ይህ ቃል የእኔ አይደለም፣ የእሱ ነው» የሚል ፊርማ ነው።

ጉዳቱ በትርጉም ላይ ይወጣል። ተቋራጩ በስብሰባ ላይ «ክፍያው ካልተለቀቀ ውሉን ለማቋረጥ ልንገደድ እንችላለን» ይላል። ቃለ ጉባኤው ላይ ተቋራጩ «ውሉን እንደሚያቋርጡ» ገለጹ ተብሎ ይሰፍራል። ተርጓሚው ምልክቱን አምኖ በእንግሊዝኛው «ዊ ዊል ተርሚኔት» (እናቋርጣለን) ብሎ በአንደኛ መደብ ያስገባዋል። «ካልተለቀቀ» የለም፣ «እንችላለን» የለም። ማሳሰቢያው ዛቻ ሆኖ ልደታ ፍርድ ቤት ይደርሳል፤ ጠበቆች የሚከራከሩበት ቃልም ማንም ያልተናገረው ነው። ጥፋቱ የተርጓሚው ይመስላል እንጂ የቃለ ጉባኤ ያዡ ነው።

መፍትሄ፦ ከሁለት አንዱን ምረጡ። ቃሉ በድምፅ ወይም በጽሑፍ ካላችሁ እንዳለ አስገቡት፦ «ሥራውን በሰኔ እናጠናቅቃለን» ብለዋል። ከሌላችሁ ምልክቱን አውጡና ሥራውን በሰኔ እንደሚያጠናቅቁ ተናግረዋል ብላችሁ ጻፉ። ሦስተኛ መንገድ ቢኖር አንዲት ቁልፍ ቃል ብቻ መርጦ መክበብ ነው፤ እሷም ከተናጋሪው አፍ የወጣች መሆኗ መረጋገጥ አለበት። ከመሐል ስትቆርጡ ሦስት ነጥብ አኑሩ። «ካልሆነ»፣ «ምናልባት»፣ «ይችላል» የሚሉትን ግን በሦስት ነጥብ አትዋጡ። አትዋጡ!

ምልክት፦ «ገንዘቤን ወስዷል አለችኝ» የሚለው ምስክርነት ተተርጉሞ የገንዘቡ ባለቤት ተቀይሯል።

መንስኤ፦ በአማርኛ «አለ» የሰውን ቃል ከነመደቡ ይዞ ይገባል። «ጀግና ነኝ ይላል» ስንል ጀግናው እኔ አይደለሁም። ስለዚህ «ገንዘቤን» ያለው የእሷም፣ የምስክሩም ሊሆን ይችላል። በንግግር ድምፅና እጅ ይለየዋል፤ በወረቀት ላይ ማንም አይለየውም። የድሮ የብራና ጽሑፍ ትእምርተ ጥቅስ ሳይኖረው «አለ» እያለ ይሄድ ነበር፣ ግን የሚነበበው በሚያውቀው ሰው ነበር።

መፍትሄ፦ ምስክሩን ጠይቁ። መገመት ክልክል ነው። ከዚያ «የራሷን ገንዘብ» ወይም «የእኔን ገንዘብ» ብላችሁ ለዩት፣ እንግሊዝኛው ከዚያ በኋላ ይሠራ።

እዚሁ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ «አለ» እና «ብሎ» ባሉበት ሁሉ ንግግር የለም። «ይዘንባል ብዬ ጃንጥላ ያዝኩ» የታሰበ ነው፣ ማንም አልተናገረውም። «እምቢ አለ» ሰውየው «እምቢ» የምትለዋን ቃል ማውጣቱን አያረጋግጥም፤ ብዙ ጊዜ «ሪፊዩዝድ» ይበቃዋል። «ዝም አለ» ላይ «ሰይድ» የሚያስገባ የኮምፒውተር ትርጉም ደግሞ ሳይነበብ ማኅተም አይደረግበትም።

ምልክት፦ ከውጭ ድርጅት «ፕሊዝ ኩዎት» የሚል ኢሜይል መጥቶ መልሱ የድርጅት መግለጫ ሆነ።

እዚህ የተጠየቀው ዋጋ ነው። ግሡ ቃል መድገምንም ዋጋ ማቅረብንም ይይዛል። የላቲን ሥሩ «ስንት» የሚል ነው፤ መጀመሪያም ለምዕራፍ ቁጥር መስጠት ነበር። የሚላከው ፕሮፎርማ ነው፤ የአንዱ ዋጋ፣ ብዛቱ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ መካተት አለመካተቱ፣ ርክክብ በስንት ቀን፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና። የመጨረሻዋን መተው ውድ ዋጋ ያስከፍላል። ቁርጥ ካልሆነ «ኤስቲሜት» (ግምት) በሉት፣ ኩዎት አትበሉት።

ምልክት፦ «ኩዎትድ አዝ ሰይንግ» ወደ «በማለት ተጠቅሰዋል» ዞሯል። «እንዲህ ማለታቸውን ጋዜጣው ዘግቧል» በሉ፤ የዘገበውንም በስሙ ጥሩ።

ምልክት፦ «ዶንት ኩዎት ሚ» ተብሎ ቃሉ ከነስሙ ወጣ። «እኔ አልኩ እንዳትል» ማለት ነው። ከመውጣቱ በፊት ደውሉ።

ምልክት፦ የባዕድ ሰው ቃል በአማርኛ፣ በትእምርተ ጥቅስ። ምልክቱን ካልተዋችሁት የማን ትርጉም እንደሆነ እዚያው ተናገሩ። ያንኑ አማርኛ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ገልብጦ የሰውየው ቃል ማድረግ ግን ፈጠራ ነው፤ ዋናውን ፈልጉ።

ምልክት፦ በትእምርተ ጥቅሱ ቦታ ሁለት ሁለት የ«ያንሳል» እና የ«ይበልጣል» ምልክት ተደርድሯል። ፊደሉ የለም የሚል ሰበብ አይሠራም። በዊንዶውስ ኦልትን ይዛችሁ በቀኝ ባለው የቁጥር ሰሌዳ 0171 ለመክፈቻ፣ 0187 ለመዝጊያ ምቱ። በብዙ ስልኮች የእንግሊዝኛውን ጥቅስ ምልክት ተጭኖ መያዝ ያወጣዋል። ከመክፈቻው ቀጥሎና ከመዝጊያው በፊት ባዶ ቦታ አትተዉ፤ ገጹ ሲሰደር ምልክቱ ብቻውን መስመር ጫፍ ላይ ይቀራል።