ጢስ ዓባይ ደርሶ ባዶ ገደል አይቶ ላለመመለስ

የድሮው አንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ብዙ ሰው አሳስቷል። ተጓዡ ያንን ሊያይ ይሄዳል፣ አስጎብኚውም ያንኑ ፎቶ እያሳየ ይሸጣል። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ የደረሰ ሰው ግን የሚያየው ጥቁር ደረቅ ገደልና በአንድ ጥግ የሚወርድ ቀጭን ውሃ ነው። ጉዞው የሚበላሸው ገና ባሕር ዳር ላይ ቀን ሲቆረጥ ነው።

ውሃው የት እንደሚሄድ ማወቅ ቀን ለመቁረጥ ይረዳል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨራጨራ ላይ መዝጊያ ያለው ግድብ ተሠርቷል፤ ስለዚህ ከሐይቁ የሚለቀቀው በልክ ነው። ከፏፏቴው በላይ ደግሞ ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎች ውሃ የሚቀዳ ቦይ አለ፤ በቦዩ የሄደው ውሃ ገደሉን ሳይነካ ከታች ተመልሶ ወንዙን ይቀላቀላል። ሌላ ትልቅ ለውጥ ያመጣው በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ነው፤ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚወስደው ያ ውሃ ጢስ ዓባይን ጭራሽ አያያትም።

እንግዲህ ጥሩው ጊዜ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው፤ ከዚያ ውስጥ መስከረምን የሚያህል የለም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቢበረታም ጣና ገና አልሞላም፤ ያኔ ፏፏቴውን የሚያደፈርሰው በአብዛኛው እንደ አንዳሳ ካሉ ገባር ወንዞች የሚመጣ ጎርፍ ነው፣ መንገዱም ጭቃ ይሆናል። ኅዳርና ታኅሣሥ እንደ ዓመቱ ይለያያል። ከጥር እስከ ግንቦት ለፏፏቴው ብሎ መክፈል አይመከርም።

ቀኑ ቢመረጥም ቀብድ ከመክፈል በፊት አስጎብኚውን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ «ዛሬ ወይ ትናንት የተቀረጸ ቪዲዮ በቴሌግራም ላክልኝ።» ቦታው ላይ የሚሠሩ ልጆች ስላሉ ይህን ማግኘት ለእሱ የአንድ ስልክ ጉዳይ ነው። «አሁንም እንደዚያው ነው» እያለ የቆየ ፎቶ የሚልክ ከሆነ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ስልክ ከተደወለም «ውሃው ደህና ነው?» ማለት ዋጋ የለውም፤ መልሱ ሁሌም «ደህና ነው» ነው። «ገደሉን በሙሉ ለብሶታል ወይስ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚወርደው?» ብለው ይጠይቁ።

ዋጋው ላይ የሚነሣው ጭቅጭቅ በአብዛኛው «ሁሉንም ያጠቃልላል» ከሚለው ቃል ይመጣል። የመግቢያ ትኬት፣ የአካባቢው መንገድ መሪ፣ የጀልባ መሻገሪያና የመኪና ጥበቃ አንድ በአንድ ተጽፈው ይምጡ። ያልተጻፈው በር ላይ እንደገና ይከፈላል።

ሌላው ወጥመድ የጣናን ገዳማትና ፏፏቴውን በአንድ ቀን የሚያጣብቀው ፕሮግራም ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ንፋስ ስለሚበዛበት ጀልባው ጠዋት ወደ ዘጌ ገዳማት ይሄዳል፤ ያ ልክ ነው። ነገር ግን አንድ መንገደኛ ከዘገየ ምሳው ይገፋል፣ ከባሕር ዳር መነሻው 9 ሰዓት ይሆናል፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቶ ሲደረስ ደግሞ መሪው «ቶሎ በሉ» ማለት ይጀምራል። ሁለቱን በሁለት ቀን ይክፈሉት፤ ለፏፏቴው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይነሡ። ፏፏቴው አጠገብ ቢያንስ ሁለት ሰዓት እንደሚቆዩም አስቀድመው ይስማሙ።

ጢስ ዓባይ ከተማ ላይ ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በእግር በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ ዳገቱን ወጥቶ ፏፏቴውን ፊት ለፊት ያሳያል፤ ድልድዩ ራሱ ሊቆምበት የሚገባ ነው፣ የሚቸኩል መሪ ግን ሳያስረዳ ያልፈዋል። ሁለተኛው ከፏፏቴው በላይ በጀልባ መሻገር ነው፤ አጭርና ለአዛውንት የሚመች ነው። በአንዱ ሄዶ በሌላው መመለስ ጥሩ ነው፤ ውሃው በጣም ሲሞላ ግን ጀልባው ላይሠራ ስለሚችል ትኬት ሲቆረጥ ይጠየቅ። ከፊት ለፊቱ ማያ አልፎ በተንጠልጣዩ ድልድይ ወደ ፏፏቴው እግር መውረድም ይቻላል፤ ብዙ ቡድን ይህን ሳያይ ነው የሚመለሰው።

ጭቃው የሚያጣብቅ ስለሆነ ሶሉ ያለቀ ስኒከር አይሆንም፤ ኮንጎ ጫማ ይሻላል፣ ዱላም በር ላይ ይገኛል። ስልክዎን ፌስታል ውስጥ ያድርጉ፣ ካፊያው እንደ ዝናብ ነው። ቀስተ ደመና የሚታየው ፀሐይ ከጀርባ፣ ካፊያው ከፊት ሲሆን ነው።

ውሃ በሌለበት ወር ባሕር ዳር የተገኘ ሰው ገንዘቡን በቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቆሞ ዓባይን ቁልቁል በማየትና በዘጌ ገዳማት ላይ ቢያውለው ይሻለዋል። ሰከላ ያለውን ግሽ ዓባይን እንደ ምትክ የሚያቀርቡም አሉ፤ እሱ ግን ጸበል እንጂ ፏፏቴ አይደለም፣ በባዶ ሆድ የሚቀርቡት ትንሽ ምንጭ ነው። ያንን አውቆ የሄደ አይከፋውም። የትኛውም ቢመረጥ የመንገዱን ጸጥታ በዋዜማው ከሾፌር ያጣሩ፤ መንገድ ከተዘጋ ቀብዱ እንዲመለስም ከሌላው ስምምነት ጋር ይጻፍ።