ከመብራቱ በኋላ የሚቆይ ብርሃን፦ ፎስፈረሰንስን በደሴ ቤተ ሙከራ ለማየት

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ደሴ የሚገባ ሰው የአየሩ ለውጥ ወዲያው ይሰማዋል፤ በአልኮል የሟሟ ኦርጋኒክ ቀለም ግን በዚህ ያህል ቅዝቃዜ ፎስፈረሰንስ፣ ማለትም መብራቱ ከጠፋ በኋላ የሚቆይ ብርሃን፣ አያሳይም። ወሳኙ አሟሚው ሞለኪውሉን አጥብቆ መያዙ ነውና፣ ቅዝቃዜም የሚጠቅመው በዋናነት አሟሚውን ስለሚያጠነክር ነው።

ብርሃን የወሰደ ሞለኪውል ትሪፕሌት ወደሚባለው ሁኔታ ከተሻገረ፣ መመለሻው በኤሌክትሮን ሽክርክሪት ሕግ የተገደበ ስለሆነ ከሚሊሰከንድ እስከ ሰከንዶች ይቆያል። በፈሳሽ ውስጥ ላለ ሞለኪውል ግን ይህን ያህል ሳይነካ መቆየት ከባድ ነው፤ ሞለኪውሉ ከሟሟ ኦክስጅን ጋር ይጋጫል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቱንም ሳያበራ በሙቀት መልክ ያጣዋል። ናሙናን በፈሳሽ ናይትሮጂን ከዜሮ በታች ወደ 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማውረድ የተለመደው ለዚህ ነው። ኤታኖል በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ጥርት ያለ መስታወት ይሆናል፤ ውሃ ግን ክሪስታል ሠርቶ ብርሃኑን ይበትናል፣ ቀለሙንም ገፍቶ አንድ ቦታ ያከማቸዋል። ስለዚህ ውሃን ለዚህ ሥራ አልመክርም።

ፈሳሽ ናይትሮጂን ለማይገኝበት ትምህርት ቤት የሚሻለው ቦሪክ አሲድ ነው፤ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ በክፍል ሙቀትም ሞለኪውሉን አጥብቆ ይይዛልና። አሜሪካዊው ኬሚስት ጊልበርት ሊዊስና ባልደረቦቹ በ1941 እ.ኤ.አ. ፍሎረሲን የተባለውን ኦርጋኒክ ቀለም ፎስፈረሰንስ ያጠኑት በዚሁ ነበር። 5 ግራም ቦሪክ አሲድ ላይ በመርፌ ጫፍ የሚነሣ ፍሎረሲን ብቻ ይጨመር፤ ቀለሙ ከበዛ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ብርሃናቸውን ያጠፋፋሉ። በጥቂት ጠብታ ውሃ ከተለወሰ በኋላ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ጓንትና መነጽር አድርጎ፣ በሸክላ ሳህን ላይ ቀስ ብሎ እስኪቀልጥ ይሞቅ፤ ከዚያም በስሱ ተዘርግቶ ይቀዝቅዝ። እርጥበት ስለሚያበላሸው ክዳን ባለው ደረቅ ብልቃጥ ይቀመጥ።

በጨለማ ክፍል የ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት መብራት፣ ዓይን ወደ መብራቱ ሳይመለከት፣ ለጥቂት ሰከንድ በናሙናው ላይ ይብራና ይጥፋ። ቢጫ አረንጓዴ ብርሃን ይቀራል። አጠገቡ በአልኮል የሟሟ ያው ፍሎረሲን ይቀመጥ፤ እርሱ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋል፣ የአሟሚውን ድርሻም ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አላውቅም። በመጨረሻም ብልቃጡ አንዴ በበረዶ፣ አንዴ በሙቅ ውሃ ውስጥ ይቆይ፤ ሙቀት ትሪፕሌቱን ፍሎረሰንስ ወደሚባለው ፈጣን የማብሪያ መንገድ ስለሚመልሰው ብርሃኑ ቶሎ ያልቃል፣ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ያዘነብላል፤ በበረዶ ውስጥ ግን ይበልጥ ቢጫ ሆኖ ይረዝማል። ሁለቱን ለማነጻጸር የሞባይል ቪዲዮ በቂ ነው።