ከመብራት መቋረጥ በኋላ የሊኑክስ የሙቀት ንባብ ሲሳሳት

ጅማ ፈረንጅ አራዳ በሚገኘው የሕትመት ቤታችን የፕሮሰሰሩን ሙቀት በየደቂቃው የሚመዘግብና 85 ዲግሪ ሲያልፍ የሚያስጠነቅቅ አጭር ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) የተጫነበት የኡቡንቱ፣ ማለትም የሊኑክስ ዓይነት፣ ሰርቨር አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን አንዳንድ ጊዜ፣ ማራገቢያው በኃይል እየጮኸ እንኳ፣ ንባቡ ከ30 ዲግሪ ብዙም ፈቀቅ አይልም ነበር።

አቧራውን ጠረግሁ፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ቴርማል ፔስቱን) ቀየርሁ፤ ለውጥ አልመጣም። ሙቀት የሚያነብበውን ፕሮግራም ኤልኤም-ሴንሰርስን እንደገና መጫንም ሆነ መለኪያዎችን የሚፈልገውን ሴንሰርስ-ዲቴክትን ደግሞ ማስኬድ አልረዳም። ፍንጭ የሰጠኝ ሴንሰርስ የተባለው ትእዛዝ በዚያው ቅጽበት 78 ዲግሪ ማሳየቱ ነው፤ መለኪያው ደኅና ነበር ማለት ነው።

የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ለመለኪያዎቹ ኤችደብልዩሞን0፣ ኤችደብልዩሞን1 እያለ ቁጥር የሚሰጠው በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሣ ቁጥሩ ሊለዋወጥ ይችላል። ስክሪፕቱ በቋሚነት ያነብ የነበረው ኤችደብልዩሞን2 የፕሮሰሰሩ መሆኑ ቀርቶ የኤንቪኤምኢ ዲስኩ ሆኖ ተገኘ።

መፍትሔው ቁጥሩን መተው ነው። ለእያንዳንዱ መለኪያ ባለው የኤችደብልዩሞን ፎልደር ውስጥ የመለኪያውን ስም የያዘ ኔም የሚባል ፋይል ስላለ፣ ስክሪፕቱ ይህን ፋይል በየፎልደሩ እያነበበ የፕሮሰሰሩን መለኪያ የሚያመለክተውን ኮርቴምፕ የሚለውን ስም እንዲፈልግና በዚያው ፎልደር ያለውን፣ የሙቀት ንባቡን የያዘውን ቴምፕ1_ኢንፑት የተባለ ፋይል እንዲያነብ አደረግሁ። ንባቡ በሚሊዲግሪ ስለሚጻፍ፣ ማለትም 45000 ሲል 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ፣ ለ1000 ይካፈላል። ኮርቴምፕ የኢንቴል ፕሮሰሰር ነው፤ ለኤኤምዲ ፕሮሰሰር የሚፈለገው ስም ኬ10ቴምፕ ይሆናል። ስሙ ካልተገኘ ስክሪፕቱ በዝምታ እንዳያልፍ፣ ስህተት መኖሩን የሚያሳውቅ መስመርም ጨምሬበታለሁ፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ መስመር እጅግ አስፈላጊ ይመስለኛል።