ማየትም መስማትም የተሳነውን ልጅ ማስተማር፦ ከየት ይጀመራል?

ማየትም መስማትም የተሳናቸው አብዛኞቹ ልጆች ጥቂት የማየት ወይም የመስማት አቅም አላቸው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የቀረውን አቅም ማወቅ ነው። የሐኪም ምርመራ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ልጁ ወደ ብርሃን መዞሩን፣ ለከበሮ ድምፅ ምላሽ መስጠቱን፣ ደማቅ ዕቃን ከምን ያህል ርቀት እንደሚለይ ወላጅና መምህር መዝግበው ቢይዙ ለትምህርቱ ዕቅድ ከምርመራው ያላነሰ ይጠቅማል።

ወደ ልጁ ስትቀርቡ ትከሻውን በቀስታ ነክታችሁ ጠብቁ፤ ከዚያም ማን እንደመጣ እንዲያውቅ እናት አምባሯን፣ መምህሩ ሰዓቱን ዘወትር ያስዳስሱት። እጁን ጨብጦ በግድ ማሠራት የተለመደ ቢሆንም እጅግ ጎጂ ነው፤ እጁ ዓይኑም ጆሮውም ስለሆነ፣ ሲያዝበት መመርመሩን ይተዋል። ይልቁንም የእናንተ እጅ ከሥር፣ የእርሱ ከላይ ይሁን፤ እንዲህ ሲሆን ሥራውን በእጃችሁ ላይ ይከታተላል፣ ሲፈልግም እጁን ማንሳት ይችላል።

ቀጥሎ ለየዕለቱ ተግባር አንድ የማይለወጥ ዕቃ መድቡ፦ ለመታጠብ ሳሙና፣ ለመውጣት ጫማ፣ ለቡና ሲኒ። ዕቃውን ከተግባሩ በፊት አስዳስሱት፤ ሲያልቅም ባዶ ሣጥን ውስጥ ራሱ ያስቀምጠው። የቡና ሰዓት ለዚህ በጣም ምቹ ነው፤ የሚቆላው ቡና ሽታና የሙቀጫው ንዝረት ያለ ዓይንና ያለ ጆሮ ይደርሱታልና፣ ሲኒው የምን ምልክት እንደሆነ ለመረዳት ይቀለዋል።

ዕቃዎቹን ሲለይ፣ በመዳፉ የሚዳሰስ የምልክት ቋንቋ ከዕቃው ጋር ይጨመራል፤ ብሬል፣ ማለትም በጣት የሚነበብ የነጥብ ጽሑፍ፣ እንደ ልጁ አቅም በኋላ ይመጣል። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። አን ሰሊቫን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1887 ማስተማር በጀመረች በአንድ ወር ገደማ ማየትና መስማት የተሳናት አሜሪካዊት ተማሪዋ ሄለን ኬለር ቃላትን መረዳቷ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ሄለን ግን እስከ 19 ወሯ ድረስ ታይና ትሰማ ነበር። ከልደቱ ጀምሮ ማየትና መስማት ለተሳነው ልጅ የመጀመሪያው ምልክት ብቻ ብዙ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ትምህርት ቤት አልቀበልም ካለ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 እነዚህን ልጆች ለይቶ እንደሚጠቅስ አመልክታችሁ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አቤት በሉ። ከተቀበለም፣ ልጁ የሚያውቃቸውን ዕቃዎች፣ ምልክቶችና የሚያስደነግጡትን ነገሮች የያዘ ደብተር ለመምህሩ ስጡ፤ መምህር በተለወጠ ቁጥርም ደብተሩ ለተተኪው ይተላለፍ።