ፖከር ላይ ብርህን የሚበላው እልህ ነው፦ ልታስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር እኛ የምንጫወትበት ቤት ቺፕስ (በብር ፋንታ የሚያስይዙበት ክብ ነገር) የለም። ቆርኪ ነው፣ አንዱ ቆርኪ አምስት ብር። ብሩ ትንሽ ነው፣ ኩርፊያው ግን አያድርስ። የምንጫወተውን የፖከር ዓይነት፣ የቴክሳስ ሆልደምን ሕግ (ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ይታደላል፣ አምስት ደግሞ መሀል ላይ ለሁሉም ይገለጣል) ማንም በአንድ ምሽት ይለምደዋል። የሚያስቸግረው ራስን መግዛት ነው፣ በተለይ እኛ ጎጃሞች "እልኸኛ" ስንባል እንደ ሙገሳ የምንቆጥር ሰዎች።

የተበላኸውን ወዲያው ለማስመለስ መሮጥ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ፖከረኞች "ቲልት" ይሉታል። አንድ ማታ አያ የምንለው ታላቃችን ሁለት ኪንግ ይዞ ጥሩ አድርጎ አስያዘ። ተጋጣሚው የያዘው ሁለት ስምንት ነበር፣ መጨረሻዋ ካርታ ላይ ሦስተኛ ስምንት ወጣችለትና በላው። አያ ምንም አልተናገረም። የቀሩትን ቆርኪዎች ደረደረ፣ አፈረሳቸው፣ እንደገና ደረደረ። ካርታው ተበውዞ ሲታደል ገለጥ አድርጎ አየና ሁሉንም ወደ መሀል ገፋው። በመጨረሻ ሲታይ ሰባትና ሁለት ነው፣ ያውም ምልክታቸው የተለያየ፣ ከዚህ የባሰ መነሻ ካርታ የለም።

"አያ፣ በዚህ ነው እንዴ የገባኸው?"

"ብሬን ላስመልስ ነዋ!"

ሁለት ኪንግ በሁለት ስምንት ከአምስት አንዴ ገደማ ይሸነፋል። የመጀመሪያው ሽንፈት እንግዲህ የተለመደ ነገር ነው፣ ማንም አልበደለውም። ሁለተኛውን ግን በገዛ እጁ ነው ያመጣው። ትልቅ ብር ከተበላህ ቀጣዮቹን ጥቂት ካርታዎች ጣላቸው፣ ከወንበርህም ተነሣ። ውጭ ወጥተህ ተናፈስ፣ ቡና ከተፈላ ጠጣ። ጨዋታው የትም አይሄድም።

"ፈሪ እንዳይሉኝ" ብሎ መክፈል

ካርታ መጣል ሽሽት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሌላው ከፍ አድርጎ ሲያስይዝ "እኔን ሊያስፈራራ ነው?" ይልና ምንም ሳይኖረው ይከተላል፣ ከዚያማ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው እስከ መጨረሻው ካርታ ይሄዳል። ስሌቱ ቀላል ነው። መሀል ላይ 100 ብር አለ እንበል፣ ተጋጣሚህ 50 ጨመረ። አንተ 150 ለማግኘት 50 ትከፍላለህ ማለት ነው። ከአራት ጊዜ ቢያንስ አንዴ የምታሸንፍ ከሆነ መክፈሉ ያዋጣል፣ ካልሆነ ጣለው። እዚህ ስሌት ውስጥ ወኔ የሚባል ቁጥር የለም። ደግሞ ጥለህ ካርታውን ሲያሳይህ ደካማ ካርታ ይዞ ማስመሰል ሆኖ ቢገኝ ምን አለበት? ይሳቁብህ፣ ሳቁ ብር አያስከፍልም።

"ኤስ ይዤማ አልሸነፍም"

ሁለት ኤስ በአማካይ ከ221 እደላ አንዴ ነው የሚደርስህ። ለዚህ ነው ሰው ሲደርሰው የሠርግ ጥሪ የመጣለት የሚመስለው። አንድ ለአንድ፣ ያልታወቀ ካርታ ከያዘ ሰው ጋር እስከ መጨረሻ ብትሄድ 85 በመቶ ገደማ ታሸንፋለህ። አምስት ሰው አብሮህ ከገባ ግን ዕድልህ ወደ ግማሽ ይወርዳል! ስለዚህ ገና ከመነሻው ከፍ አድርገህ አስይዝ፣ ሰዉ ይቀንስልህ። ተደብቄ ላጥምዳቸው ብለህ ሁሉንም በርካሽ አስገብተህ ስትሸነፍ ካርታውን መርገም ትርፉ መሳቂያ መሆን ነው። እኛ ቤት ካርታ ወርውሮ ወጥቶ የሄደ ሰው አለ፣ ጫማውን ለመውሰድ ተመልሶ መጣ እንጂ።

ያልቻለውን ሰው መዝለፍ

"እንዲህ ይጫወታል እንዴ?" እያልክ ጀማሪው ላይ ሙድ አትያዝ። ነውርነቱ እንዳለ ሆኖ ኪሳራም ነው፣ ወይ ተናዶ ይሄዳል፣ ወይ አፍሮ መጠንቀቅ ይጀምራል። የሚሳሳት ሰው አጠገብህ እንዲቆይ አይደል የምትፈልገው?

ሲቀናህ መኮፈስ

ይሄኛው ብዙም አይወራለትም። ሦስት ጊዜ ተከታትለህ ስታሸንፍ "ዛሬ የእኔ ቀን ነው" ትልና ስትጥላቸው የነበሩትን ካርታዎች ሁሉ መጫወት ትጀምራለህ። ካርታው ያለፈውን አያስታውስም፣ እየተበወዘ ነው የሚታደለው። ፉከራውን ለሠርግ ቤት ተወው።

ድራፍትና ብድር

ሁለተኛው ድራፍት ላይ ሁሉም ካርታ ያምራል። ከዚያ የሚከተለው "እስቲ ሁለት መቶ ብር አበድረኝ" ነው፣ ያውም ከበላህ ሰው። ከቤት ስትወጣ ብታጣውም የማያስቆጭህን ያህል ብቻ ያዝ፣ ስልክህ ላይ ያለውን የባንክ መተግበሪያ ደግሞ እርሳው። ብሩ ካለቀ ቁጭ ብለህ ተመልከት። ተመልካች ሆነህ ማን ሲናደድ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ማን ሲያስመስል ወሬ እንደሚያበዛ ታያለህ፣ ስትጫወት ግን ይሄን የምታይበት ፋታ የለህም።