ሕይወት የሚቀይር መጽሐፍ እንዴት ይነበባል (ሀዋሳ ላላችሁ)

ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ ማጠራቀም ማንበብ አይደለም፣ አሁን በጣም እያስቸገረህ ያለውን ነገር ለይና ለሱ አንድ መጽሐፍ ብቻ ያዝ።

እኔ ከጤና ጀምሩ ነው የምለው፣ በተለይ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺፍት የምትሰሩ። የእንቅልፍ ተመራማሪው ማቲው ዎከር በ2017 እ.ኤ.አ ያወጣው የእንቅልፍ መጽሐፍ አለ፣ ከሰዓት የጠጣኸው ቡና እስከ ማታ ሰውነትህ ውስጥ እንደሚቆይ በደንብ ያስረዳሃል። እሱን ምዕራፍ እንደጨረስክ ዝም ብለህ ወደሚቀጥለው አትለፍ፣ ለአንድ ሳምንት ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና ተው። ጎረቤት ቡና ከጠራህ ግን ሂድ፣ ቁርሱን ብላ ተጫወት፣ ስኒውን ብቻ እለፈው ማለቴ ነው። ከዛ እንቅልፍህ ምን እንደሆነ ደብተር ላይ ጻፍ፣ መጽሐፉ የሚሰራው እዚህ ጋ ነው!

ለአመራር የማንዴላን የሕይወት ታሪክ አንብቡ፣ 1994 እ.ኤ.አ ነው የታተመው። ሰውዬው እስር ቤት ሆኖ የጠባቂዎቹን ቋንቋ አፍሪካንስን ተማረ፣ ሊደራደራቸው ስለፈለገ። የእድር ዳኛም ሁን የእቁብ ሰብሳቢ ወይ የፈረቃ አለቃ፣ የማትግባባውን ሰው መጀመሪያ እሱ በሚገባው መንገድ አናግረው።

ለስራ ደግሞ የአሜሪካዊው ጸሐፊ ካል ኒውፖርት መጽሐፍ አለ፣ በ2012 እ.ኤ.አ የወጣው። ችሎታህን አሳድግ የስራ ፍቅሩ ከዛ ይመጣል ነው የሚለው፣ አዲስ ተመራቂ ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ለማንበብ ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ስልኩን ቤት ተዉት።