በተዳፋት ላይ ባለ የመኖሪያ መንደር የመናፈሻ እግር መንገድ ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በድሬዳዋ ደቡባዊ ተዳፋት ወይም በሐረር ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች ላይ በማኅበርም ሆነ በሪል እስቴት ቤት የሠሩ ነዋሪዎች፣ ማለዳና አመሻሽ የሚናፈሱበት የእግር መንገድ እንዲኖራቸው ቢሹ የሚያስገርም አይደለም። እንዲህ ያለው መንገድ ግን ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ገንዘብ በማነሱ ሳይሆን፣ ሲቀየስ የዝናብ ውሃ በየት በኩል እንደሚወርድ ባለመታሰቡ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት መንገዱን ከታች ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ማውጣት ነው። ርቀቱ ስለሚያጥር ይመረጣል፤ ሆኖም በእግር የተጠቀጠቀው መሬት ውሃ ስለማያሰርግ ጎርፉም ያንኑ መስመር ተከትሎ ይወርዳል፣ መንገዱንም እየሸረሸረ ቦረቦር ያደርገዋል። ተጓዡ ቦረቦሩን ሲሸሽ በጎን ያለውን ሣር ይረግጣል፤ በዚህም ጉዳቱ እየሰፋ ይሄዳል። የሚሻለው ተዳፋቱን አግድም ይዞ ቀስ በቀስ መውጣት ሲሆን፣ የመንገዱ ዳገት ከተዳፋቱ ግማሽ እንዳይበልጥ፣ በአማካይም ከ10 በመቶ እንዳያልፍ መጠንቀቅ ይገባል። ለምሳሌ ተዳፋቱ 16 በመቶ ከሆነ መንገዱ ከ8 በመቶ በላይ መውጣት የለበትም። ይህን ለመለካት በእርከን ሥራ የተለመዱት ሁለት ዘንጎች፣ 10 ሜትር ገመድና በመካከሉ የሚንጠለጠል ውሃ ልክ ይበቃሉ፤ በገመዱ ርዝመት የ1 ሜትር ከፍታ ልዩነት ማለት 10 በመቶ ነው። እርከን ሲሠሩ የኖሩ የሐረርጌ ገበሬዎች በአቅራቢያ እያሉ ቅየሳውን ሳያማክሯቸው መጨረስ፣ በእኔ አስተያየት፣ ራሱን የቻለ ስህተት ነው።

አቅጣጫው ተስተካክሎም የመንገዱ ወለል ሊበላሽ ይችላል። ወለሉ ወደ ቁልቁለቱ በኩል ከ3 እስከ 5 በመቶ፣ ማለትም በ1 ሜትር ስፋት ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቢያዘነብል ውሃው ሳይጠራቀም ተሻግሮ ይወርዳል። ብዙዎች ግን ለውበት ሲሉ በውጭው ጠርዝ ድንጋይ ይደረድራሉ፤ ድርድሩም ውሃውን አግዶ መንገዱን ቦይ ያደርገዋል። ከተራራው ጎን ተቆፍሮ የወጣውን አፈር በቁልቁለቱ በኩል ደልድሎ በላዩ መሄድም አያዋጣም፤ ልል አፈር በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይንሸራተታልና ወለሉ በሙሉ ባልተነካ መሬት ላይ ማረፍ አለበት። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ መለሰንም ውሃውን አፍጥኖ ከታች ባሉት ቤቶች ላይ ከመልቀቅ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ደረቅ አሸዋማ ወንዝን እንደ ተዘጋጀ የእግር መንገድ መቁጠር ደግሞ ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት ነው። ሜዳማና ሰፊ ስለሆነ ያጓጓል፤ ነገር ግን ከላይ በደጋው የዘነበ ዝናብ፣ የከተማው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ፣ በድንገት ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎች መሞታቸውን እያወቁ አግዳሚ ወንበር በአሸዋው ላይ መትከል ተቀባይነት የለውም። መንገዱ ወንዝ ማቋረጥ ግድ ከሆነበት፣ ጠባብ በሆነው ቦታ ቀጥ ብሎ ይሻገር እንጂ ወንዙን ይዞ አይሂድ።

ከነዋሪዎቹ በፊት በኮረብታው ሲመላለሱ የኖሩትን ሰዎች መርሳትም አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ስለሚደነግግ፣ ማኅበሩ ያለው በተሰጠው ይዞታ የመጠቀም መብት ነው። ከብት የሚነዱ፣ እንጨትና ጫት የሚሸከሙ ሰዎች የሚያልፉበትን ዱካ በአጥር መዝጋት ጠብ ይጋብዛል፣ አጥሩም አይቆይም። ከቀበሌውና ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ መተላለፊያ መተው ከዘበኛ ይበልጣል።

ዕፅዋትን በሚመለከት፣ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ስለሆነች፣ ዕይታ ለመክፈት ተብሎ የቆመን ግራር መቁረጥ መንገዱን እኩለ ቀን ላይ ባዶ ያስቀረዋል። ቅንጭብ ከመንገዱ ዳር መራቅ አለበት፤ ወተቱ ዓይን ይጎዳል። በሐረር በኩል ደግሞ ጅብ በሌሊት ስለሚዘዋወር መንገዱን ሲጨልም መዝጋትና የምግብ ትርፍራፊ በአካባቢው አለመጣል ይበቃል፤ መብራት መደርደር አያስፈልግም።

በመጨረሻም የበጀቱን ሁሉ ለግንባታ አውጥቶ ለጥገና ምንም አለማስቀረት በየማኅበሩ የሚታይ ስህተት ነው። በየካቲት ከበልጉ በፊት፣ በሰኔም ከክረምቱ በፊት የውሃ መውረጃዎቹን መጥረግ፣ ዝናብ እየጣለ ሳለም አንድ ሰው አካፋ ይዞ መንገዱን እንዲዞርና ውሃ የተጠራቀመበትን ቦታ እንዲከፍት ማድረግ ያስፈልጋል።